የጡብ ቀለም ያለው ጥግ

ባቡሩ የተገኘው ከቤት ሠራተኛዋ የልብስ ሳጥን ውስጥ ነው። በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ከሁለት ቀሚሶች ሥር።

እውነተኛ ባቡር አይደለም፤ ክንድ የማይሞላ ሞዴል ነው። ሟቹ የባቡር ነጂ ዕድሜውን ሙሉ የነዳውን ባቡር አሳንሶ ከሠላሳ ዓመት በፊት በገዛ እጁ የሠራው። ሐሙስ ዕለት ሳሎን ካለው የመስታወት ሳጥን ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ተገኘ። ሰኞ ደግሞ የነጂው ስም በነሐስ ተጽፎበት ባቡር ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ሊቀመጥ ቀን ተቆርጦለታል።

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተሩ ቀለም ቤት ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ብልቃጦች ይዞ ግራ ተጋብቶ ቆሟል። ከፖሊስነት ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። ቤት መዋል ሲያንገበግበው፣ በወጣትነቱ የተወውን ሞዴል መሥራት እንደገና ጀመረ። ሚስቱም ከእግሯ ሥር ስለተነሣላት እፎይ ብላለች። ችግሩ ዘመኑ ጥሎት መሄዱ ነው። እሱ የሚያውቀው ቤቱን ሙሉ የሚያሸት፣ ለመድረቅ ሁለት ቀን የሚፈጅ የዘይት ቀለም ነው። አሁን ሁሉም አክሪሊክ ሆኗል።

"ጋሼ፣ ይሄ በውሃ ነው የሚቀጥነው" እያለ ያስረዳዋል ባለ ቀለሙ። "ስስ አድርገው ሦስት ጊዜ ይቀቡት እንጂ አንዴ አያወፍሩት። ሲደርቅ ትንሽ ይጠቁራል፤ ካሰቡት ፈካ ያለውን ይውሰዱ።"

"ብሳሳትስ?"

"አልኮል የነካ ጥጥ ያነሣዋል። የድሮው የዘይት ቀለም ነው እንጂ አንዴ ከደረቀ አልኮል ንቅንቅ የማያደርገው።"

ደዋይዋ የነጂው ሚስት ናት፤ ኢንስፔክተሩ የቤቱ የድሮ ወዳጅ ነው።

"ወንድሜ፣ ሌባዋን ያዝኳት! ፖሊስ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ባቡሩ የሱ መሆኑን መጥተህ መስክርልኝ።"

ኢንስፔክተሩ ፈካ ያለውን አረንጓዴ ገዛ። ጥጥና አልኮልም ጨመረ፤ በሥዕል እጁ ብዙም አይተማመንም።

ሠራተኛዋ ሳጥኗን አጠገቧ አድርጋ ደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ስድስት ዓመት የሠራችበት ቤት በር ተዘግቶባታል። ቀና ብላ አየችው። ራሱን ነቅንቆላት አልፏት ገባ።

ባቡሩ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነው። አረንጓዴ ሰውነት፣ ቀይ የፊት መከላከያ፣ አሥራ ሁለት ጎማ። ያማረ ነው። እንዲያውም በጣም ያማረ ነው፤ ኢንስፔክተሩን ቅር ያሰኘው ይኸው ነው።

"ሐሙስ ማን መጣ?"

"ባለ ቀለሙ መጣ፣ መስታወትም ስለሚቆርጥ ለአዲሱ ሳጥን ልኬት ሊወስድ። ሚሊም መጣ።"

ሚሊ የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው፤ ጡረታ የወጣ የንድፍ ባለሙያ። ስሙ ከሚሊሜትር የመጣ ነው። ሰው ቤት ገብቶ የተንጋደደ ፎቶ ሳያቃና መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው።

"ቦርሳ ይዘው ነበር?"

"ሁለቱም።"

"ዛሬስ?"

"ሁለቱም ጠዋት ሊያጽናኑኝ መጥተው ነበር። ሚሊ እጁን ሊታጠብ ወጣ፤ ባለ ቀለሙ ስልክ ሊያናግር። የልጅቷ ክፍል እዚያው መታጠቢያው አጠገብ ነው። ግን ምን ይጠየቃል? ከሳጥኗ ነው ያወጣሁት!"

ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር ልብ አለ። ባለ ቀለሙ አሁን ቀለም ሲሸጥለት ጠዋት እዚህ እንደነበረ ትንፍሽ አላለም።

ባቡሩን ገለበጠው። ከሆዱ ሥር፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ፣ አልኮል በነካ ጥጥ ቀስ ብሎ አሸት አደረገው። ጥጡ አረንጓዴ ሆነ።

"እህቴ፣ ይሄ የባልሽ ባቡር ነው?"

"ታዲያ የማን ሊሆን?"

"በደንብ እዪው።"

ሴትዮዋ አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ። "እውነቱን ልንገርህ? ባቡሩን አይቼው አላውቅም። የማየው እላዩ ላይ ያቀረቀረውን ሰውዬ ነበር።"

"ያ ሰውዬ የቀባው በዘይት ቀለም ነው። ይሄ አክሪሊክ ነው። አስመስሎ የተሠራ ነው።"

እንዲህ አድርጎ ማስመሰል የሚችሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ለሁለቱም ደወለ። መጀመሪያ የደረሰው ባለ ቀለሙ ነው።

"ጠዋት እዚህ እንደነበርክ ለምን አልነገርከኝም?"

"ዕቃ የጠፋበት ቤት ነበርኩ ብዬ ፖሊስ ፊት ራሴን ላስጠርጥር?" ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

"ባቡሩ ይሄ ነው?"

ባለ ቀለሙ አንዴ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። "አይደለም፣ ጋሼ። ይሄ ከሱቄ የወጣ ቀለም ነው። ደግሞም የጡብ ጥጉ የት ሄደ?"

"የምን ጥግ?"

"የመከላከያው ቀኝ ጥግ። ቀዩ አልቆባቸው ሟቹ በጡብ ቀለም የጨረሱት። አያስታውሱም? ሚሊ እኮ 'ገዝተህ አስተካክለው' እያለ ዘላለም ይነዘንዛቸው ነበር።"

ኢንስፔክተሩ አስታወሰ። ሟቹ እየሳቀ "ተወው፣ እንዲህ ነው የሠራሁት" ይል ነበር። ሚሊ ደግሞ ወደዚያ ጥግ ላለማየት ፊቱን ያዞር ነበር።

ባለ ቀለሙን ወደ ጓዳ አስገባው። ብዙም ሳይቆይ ሚሊ መጣ። ሲገባ የተጣመመውን ምንጣፍ በእግሩ ጫፍ አቃናና ተቀመጠ።

"ባቡሩ ይሄ ነው?"

"ይሄው ነው።"

"በደንብ እየው።"

"ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ዕቃ?"

"ምንም የተለወጠ ነገር የለውም?"

"ምንም።"

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ሳበና ተጠጋው።

"ሚሊ፣ ምንጣፉ ከጣት ባልበለጠ መጣመሙን ከበሩ ላይ ሆነህ አየህ። ሠላሳ ዓመት የተጨቃጨቅክበት የጡብ ጥግ ሲጠፋ ግን አላየህም?"

ሚሊ ወደ መከላከያው አየ። ቀዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክ ነው። ጥጉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

"ዋናው የት ነው?"

"እኔ ቤት" አለ በመጨረሻ።

"ለምን?"

"ጎማዎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለቱንም፣ አንድ በአንድ። ነሐሱ ላይ ግን የሱ ስም ብቻ ነው ያለው። 'በገዛ እጁ የሠራው' ይላል። እንዲጨመርልኝ በፍቅር ጠየቅኳት፤ 'ከሱ ጋር ተካፈሉ እንጂ ከኔ ምን ፈለግህ?' አለችኝ። እሱ የለም። ከማን ጋር ልካፈል?"

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ብላ ነበር።

"ሐሙስ ልለውጠው ነው የመጣሁት። ዋናውን ቦርሳዬ ከትቼ ይሄን ሳላስቀምጥ ልጅቷ ገባች። መጥፋቱ ታወቀ። ከተገኘ ፍለጋው ይቆማል ብዬ..."

"ታዲያ ጥጉን ለምን እንደ ዋናው አልቀባኸውም?"

"ቀብቼው ነበር። እንቅልፍ ነሣኝ። መልሼ አጠፋሁት። አውቄ ስሕተት መሥራት እጄ እምቢ አለኝ።"

"የልጅቷ ሳጥን ውስጥ ለመክተት ግን እጅህ እሺ አለህ?"

ኢንስፔክተሩ ተናደደ፤ አዘነም። ይህን ሰው ይወደው ነበር።

ሴትዮዋ ሮጣ በሩን ከፈተች። ሠራተኛዋ ሳጥኗን በገመድ አስራ ጨርሳለች።

"ግቢ ልጄ! ሚሊ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ያገኘነውም ዋናው አይደለም። ይቅር በይኝ፣ ግቢ!"

ልጅቷ አልተነሣችም። "ዋናው አለመሆኑን በምን አወቃችሁ?"

"በቀለሙ" አለ ኢንስፔክተሩ። "የጡብ ጥጉ የለበትም።"

ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ደስ አይልም።

"ስድስት ዓመት ሙሉ የዚያን ባቡር አቧራ በየሳምንቱ በብሩሽ ያራገፍኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ። ያንን ጥግ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ፎጣውን ገልጠው ቢያሳዩኝ 'ይሄ የጋሼ አይደለም' እልዎት ነበር። አልጠየቁኝም።"

ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች።

"እርስዎም አልጠየቁኝም።"

ኢንስፔክተሩ ዛሬ ሦስት ሰው ጠይቋል። እሷ ደረጃው ላይ ነበረች፤ ራሱን ነቅንቆላት አልፏታል።

"ሳጥኑን ልያዝልሽ" አላት።

"ግድ የለም ጋሼ፣ ቀላል ነው። ሁለት ቀሚስ ብቻ ነው ያለው።"

ሳጥኗን ብድግ አድርጋ የግቢውን በር አልፋ ወጣች። አርባ ዓመት ሰው ሲጠይቅ የኖረው ኢንስፔክተር፣ ጥጡን በእጁ እንደያዘ ደረጃው ላይ ቀረ።