በመስኮቱና በግድግዳው መካከል

በመጽሐፍ ጉዳይ የሚዋሽ ሰው አልወድም። ይህ ከአሁኑ ይታወቅልኝ።

የንባብ ክበባችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ይሰበሰባል። ደንቡ አንድ ነው፤ መጽሐፉን የወደደ በግድግዳው በኩል፣ የጠላ በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ሁሉም እያየው ወንበሩን ተሸክሞ ይሻገራል። ደንቡን ያወጡት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ናቸው። «አፍ ብቻውን ሲቀየር አላምንም፤ ወገብም ይሥራ» ይላሉ።

በዚያ ሰሞን የምናነበው ልብ ወለድ ስለ ፌሪዎች ነበር፤ ክንፍ ስላላቸውና ውሸት ከአፋቸው ስለማይወጣ የጫካ ሰዎች። አንዲት ተራ ልጅ ቤተ መንግሥታቸው ትገባለች። ልዑሉ በየድግሱ መሳቂያ ያደርጋታል፤ ብርድ ላይ ያሳድራታል። በመጨረሻው ምዕራፍ እጇን ይስማል። እሷም ትወደዋለች!

«ይሄ ፍቅር ከሆነ ጥፊም ሰላምታ ነው» አልኩ ከመስኮቱ ጋ።

«አንቺ ደግሞ! ክንፉን ሲዘረጋ አላነበብሽም?» አለች ከሁላችን ታናሽ የሆነችው። «እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ሁሉንም ይቅር አልኩት።»

«ክንፍማ ዝንብም አላት!»

«ጠበቃ ተነሣች!» ብለው ሳቁ። ጠበቃ የሚሉኝ እኔን ነው።

ፊት ለፊቴ፣ በግድግዳው በኩል፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ተቀምጧል። ረጅሙ እንለዋለን። እሱ ሲናገር አይጮኽም።

«ልዑሉ እኮ መውደድን ያስተማረው ሰው የለም። ቀስ እያለ ይማራል» አለ።

«በእሷ ጀርባ ላይ ነው የሚማረው?»

ሌሎቹ እኔ ስናገር መጽሐፋቸውን ያገላብጣሉ፤ እሱ ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፊቴን ያያል። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን ስጠብቅ ከረምኩ። ለክርክሩ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አንድ ቀን እናቴ ለማሳጠር የሰጠችውን ቀሚስ ላመጣ ልብስ ሰፊው ቤት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። አባትየው የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅረዋል። ረጅሙ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየተኮሰ ያወራል።

«ባለጌ ነው እኮ አባባ! ልጅቷን ብርድ ላይ አሳድሮ እጅ መሳም ምን ይባላል? ክንፍማ ዝንብም አላት።»

«ዝንቤን መልስ!» አልኩት ከበሩ ላይ።

ዞረ፤ ካውያውን ግን ቀሚሱ ላይ ረሳው።

«ካውያውን አንሣ፣ የሰው ቀሚስ ነው!» አሉ አባቱ።

«ታዲያ ግድግዳው ጋ ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «ፌሪ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ዲዳ ነበርክ!»

አንገቱን ደፋ። «መስኮቱ ጋ ብመጣ ከጎንሽ ነው የምቀመጠው። ከጎን ደግሞ ትከሻሽ ብቻ ነው የሚታየኝ። ፊት ለፊት ስሆን… ስትናደጂ አይሻለሁ።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

ሌላ ልጅ ብትሆን እዚያው ትቀልጥ ነበር። እኔን ግን ቁጣዬ ቀደመኝ።

«ስለ መጽሐፉ ከዋሸኸኝ ስለ ፊቴ የምትለውን በምን ልመንህ? የልብህን ቅዳሜ ሁሉም ፊት ተናገር። ካልሆነ ግን እኔና አንተ አንተዋወቅም።»

ቀሚሱን መንጭቄ ወጣሁ። ወደ ኋላ ላለመዞር መንገዱን ሙሉ አንገቴን አደነደንኩ።

ቅዳሜ ከእትዬ ቀጥሎ የገባሁት እኔ ነበርኩ። አጠገቤ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ክርክሩ ሊጀመር ሲል ረጅሙ ተነሥቶ ወንበሩን ተሸከመ።

«ረጅሙ ከዳን!» አለች ታናሿ።

ቦርሳዬን አነሣሁ። እሱ ግን ክፍሉ መሐል ሲደርስ፣ ማንም ተቀምጦ በማያውቅበት ቦታ ወንበሩን አሳረፈ።

«ምነው፣ ከበደህ?» አሉት እትዬ።

«አይ እትዬ፣ ቦታዬ እዚህ ነው። ልዑሉን ከመጀመሪያውም አልወደድኩትም። መጽሐፉን ግን እወደዋለሁ።» «የተቀደደ ክንፍ የሚሰፋው ሽማግሌ አለ አይደል? ያለው ሁለት ገጽ ላይ ብቻ ነው። ልጅቷ በብርድ ተንቀጥቅጣ ስትገባ ምንም አይጠይቃትም። ፈቀቅ ብሎ ‹ተቀመጪ› ይላታል። በዚያ ሁሉ ቤተ መንግሥት ተቀመጪ ያላት እሱ ብቻ ነው። ፍቅር ካለ ያለው እዚያ ጋ ነው።»

«የልብስ ሰፊ ልጅ ልብስ ሰፊ ወደደ!» አለ አንዱ ከግድግዳው በኩል። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

እስከዛሬ የልቡን የደበቀው ፊቴን ለማየት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ይሄንን ሳቅም ፈርቶ ነበር። አሁን ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«አዎ፣ ወደድኩ» አለ።

«ምን ያስገለፍጣችኋል?» ብዬ ጮኽኩ። «እናንተ ክንፍ ስትቆጥሩ እሱ ሰው አገኘ!»

ሳቁ ቆመ። እኔም ስህተት ስፈልግ ያንን ሽማግሌ ሳላየው አልፌዋለሁ። ቢሆንም እጅ አልሰጥም።

«ተሳስተሃል» አልኩት። «ሁለት ገጽ መጽሐፍ አያድንም።»

«ያድናል።»

«አያድንም!»

ወንበሬን ተሸከምኩ። ለካስ ይከብዳል። ወደ መሐል ወስጄ ከጎኑ ሳይሆን ፊት ለፊቱ፣ ፊቱ በሚታየኝ ቦታ ላኖረው ስል ጠበበኝ።

የራሱን ወንበር ወደ ኋላ ፈቀቅ አደረገልኝ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀመጥኩና መከራከሩን ቀጠልን።