ከስልሳ ሦስት በኋላ

«ጨርስ የሚለውን ተጭነሻል ወይስ አልተጫንሽም?»

ርዕሰ መምህሩ አቶ ተስፋሚካኤል ይህን ሲጠይቁ ለአራተኛ ጊዜ ነበር። ፊታቸው የቆመችው አልታየችም ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ መለሰች። ተጭናለች። እንዲያውም ሁለት ጊዜ። ስክሪኑ ነጭ ሆነ፣ ነጭ እንደሆነም ቀረ፣ ከዚያ ፈታኙ ሰዓት አልቋል ውጡ አሉ። ከዚህ ሌላ የምትጨምረው የላትም።

ይህችኑ ለመናገር ነው ከሰላ ድንጋይ ሳይነጋ የተነሳችው። ግማሹን መንገድ በእግሯ፣ ግማሹን እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥላ መጥታለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሐምሌ ደግሞ በደብረ ብርሃን ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን በስቶ ወለሉን ሊሻገር ምንም አይቀረው፣ ብርዱም አንዴ አጥንት ውስጥ ከገባ ኪራይ ሳይከፍል እስከ መስከረም ይከርማል።

ተማሪዋ ማርያማዊት ጥግ ላይ ባለው ኮምፒውተር የአላፊዎቹን ዝርዝር እያተመች ነበር። ዝርዝሩ በአሥር ሰዓት ፈተናው ወደሚያስገባው አዳሪ ትምህርት ቤት ይላካል። ከተላከ በኋላ የሚጨመርም የሚሰረዝም ስም የለም፤ ፈተናውም ለአንድ ተማሪ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የእሷ ስም ሁለተኛ ላይ ተቀምጧል። ከሰላ ድንጋይ የመጡት አሥራ ሰባት ተፈታኞች ግን በሌላ ወረቀት ላይ ናቸው። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ «መልስ አላስገባም» ይላል።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። አሥራ ሰባት የገጠር ልጆች አንድ ቁልፍ መጫን አቅቷቸው ወደቁ ተባለ። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አንዱ «ፋራዎቹ ስክሪኑን በጣት ሲገፉ ውለው ነው» ብሎ ጻፈ፤ መቶ ሃያ ሰው ሳቀበት። ማርያማዊትም የሳቅ ምልክት አስቀምጣበታለች።

አቶ ተስፋሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም። ለአልታየች ከልባቸው አዝነውላታል፤ ችግሩ ማዘናቸው ላይ ነበር። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ኮምፒውተር ልምድ ይፈልጋል» አሉና ወደ ማርያማዊት ዞሩ። አዳራሽ ወስዳ ቁልፉን እንድታሳያት፣ ለወደፊቱ እንኳ እንዲጠቅማት አዘዟት።

ለዚህ ከማርያማዊት የተሻለ ሰው አይገኝም። አሥረኛ ክፍል ትሁን እንጂ ዝናዋ የፕሮፌሰር ነው። ሦስት መሐንዲሶች ከአዲስ አበባ መጥተው ያቃታቸውን ፕሪንተር በጸጉር ማስያዣ አስነሳችው ይባላል። እውነቱን ለመናገር መሐንዲሱ አንድ ነበር፤ እሱም የፕሪንተር ቀለም ሊሸጥ የመጣ ነበር። ፕሪንተሩ ግን ተነስቷል። ከዚያ ወዲህ ማርያማዊት ያልነካችው ኮምፒውተር፣ እሷን ሳይጠሩ የተሰካ ገመድ በግቢው የለም።

ወደ አዳራሹ ሲሄዱ አልታየች ዝም አላለችም። አሥራ ስድስቱ እሷን የላኳት አፍ አላት ብለው እንደሆነ ነገረቻት። አሁን እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ ሌላው አሳስቶኝ ነው ይላል። ከመሃላቸው ጎበዙ ወልደ ሰንበት የሚባል ልጅ ነው። አባቱ እንዴት አንድ ቁልፍ ያቅትሃል ብለው ሰው በተሰበሰበበት አዋረዱት። እሱም ደብተሮቹን አቃጥሎ ከቤት ከወጣ አምስት ቀኑ። እናቱ ገደል ለገደል እየዞሩ ስሙን ይጣራሉ።

ማርያማዊት የአዳራሹን በር ከፈተች። የተቀመጥሽበት ቁጥር ስንት ነበር ብላ ጠየቀቻት።

«ሰባ አንድ።»

ሰባ አንድ ከአዳራሹ ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ነው። ላፕቶፑ ከፈተናው በኋላ መልሶቹ ተጠርገው የሙከራ ጥያቄ ብቻ ቀርቶበታል። አልታየች ተቀመጠች። ማውሱን ልክ እንቁላል እንደያዘች ያዘችው፤ ሦስቱን ጥያቄ መለሰች፣ ቀስቱን ጨርስ የሚለው ቃል መሃል ላይ አሳርፋ ተጫነች። ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

«ይኸው» አለች። «እንደዚህ ነው ያደረገኝ።»

ማርያማዊት እሷን አስነስታ ራሷ ሞከረች፤ ነጭ። ሰማንያ ላይ ሞከረች፤ ነጭ። ስልሳ አራት ላይም ነጭ። አጠገቡ ወዳለው ወደ ስልሳ ሦስት ተሻግራ ስትጫን ወዲያው «መልስዎ ደርሷል» የሚል ጽሑፍ መጣ። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ቆመች። 

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥያቄዎቹ አዳራሹ ውስጥ ካለ ሰርቨር ከሚባል ዋና ኮምፒውተር ይመጣሉ፤ መልሶቹ ግን ወደ ፈተናው ማዕከል ይላካሉ። ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ ደግሞ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር በኩል ያልፋል። ተማሪው ዘበኛው ይለዋል። ሊኑክስ የሚባል የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚመራ ፕሮግራም የተጫነበት ነው። በእምብርቱ፣ ከርነል በሚባለው ውስጥ፣ የሕጎች ዝርዝር አለ። መልእክቱ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ይመጣል፤ ከርነሉ ለእያንዳንዷ ፓኬት ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ የሚመለከታት ሕግ ላይ ሲደርስም የተጻፈውን ይፈጽማል። የመጀመሪያው ሕግ፣ ከእነዚህ አድራሻዎች ተነስቶ ወደ ማዕከሉ የሚሄደውን አሳልፍ ይላል። የምታልፈው ፓኬት የኮምፒውተሯ አድራሻ ይነሳላትና የትምህርት ቤቱ አድራሻ ይለጠፍባታል፤ መልስ ሲመጣ ከርነሉ አስታውሶ ለባለቤቷ ይመልሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰማንያውም ተማሪ አንድ ሰው ነው የሚመስለው። የመጨረሻው ሕግ አጭር ነው፤ ሌላውን ሁሉ ጣል።

ሕጎቹን የጻፈችው ማርያማዊት ናት።

የአይሲቲው መምህር ቴዎፍሎስ በፈተናው ሳምንት የአዳራሹን ኮምፒውተሮች ሁሉ ብቻቸውን ሊያሰናዱ ተሯሩጠው እንቅልፍ አጥተው ነበር። ተፈታኝ መሆኗን እያወቁ የዘበኛውን የይለፍ ቃል ሰጧት፤ ማንም እንዳይሰማ ብለው። ማርያማዊት የከተማውን ሁሉ ቁልፍ የተረከበች መሰላት። ሕጎቹን ስትጽፍ፣ ከመጣል ይልቅ እምቢ በል የሚል ትእዛዝም ነበር፤ እሱ ለላኪው አልፈቀድኩም ብሎ ይመልስለታል። እሷ ግን ጣል የሚለውን መረጠች፤ ድምፅ የማያሰማ ዘበኛ ይበልጥ ያስፈራል ብላ። እምቢ ብሎ ቢመልስ ኖሮ ሰባ አንድ ቁጥር ላይ ስሕተት የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ፈታኙም ያዩት ነበር።

ያን ጊዜ በአዳራሹ የነበሩት ስልሳ ሦስት ኮምፒውተሮች ናቸው። የእያንዳንዱ አድራሻ በቁጥሩ ያልቃል። ማርያማዊትም ከአድራሻው ጎን 26 ብላ ጻፈች፤ ይህ ለከርነሉ ከዜሮ እስከ ስልሳ ሦስት ማለት ነው። በፈተናው ዋዜማ ለሰላ ድንጋይ ልጆች አሥራ ሰባት ላፕቶፖች ተጨመሩ። 26ን ክልሉን እስከ መቶ ሃያ ሰባት ወደሚያሰፋው 25 መቀየር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አንድ አኃዝ። መምህር ቴዎፍሎስ በሩ ላይ ቆመው አዲሶቹንም ሞክረሻቸዋል ወይ አሏት። ወንበሯ ሞቋት ነበር።

«ሁሉም ሰላም ነው፣ ቲቸር» አለች። አልተነሳችም።

አሁን ከአዳራሹ ጎን ዘበኛው ወዳለበት ጠባብ ክፍል ገባች። ከርነሉ ሌላም ሥራ አለው፤ በየትኛው ሕግ ስንት ፓኬት እንዳለፈ፣ ስንት እንደጣለ ይቆጥራል። ትእዛዙን ጻፈች። በመጨረሻው ሕግ ትይዩ 1836 ይላል። አልታየችን በመስኮቱ ጠርታ እንደገና እንድትጫን ነገረቻት። ጠበቀች፤ ደግማ አየች። 1842። ስድስት ፓኬት። ሰባ አንድ ቁጥር ሳትታክት ስትልክ፣ ከርነሉም ሳይታክት ሲጥል።

በሩ ተከፈተና መምህር ቴዎፍሎስ ገቡ። ስክሪኑን ዓይተው ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ለተፈታኝ የይለፍ ቃል መስጠት ከሥራ እንደሚያስባርር፣ ምናልባትም እንደሚያስከስስ ነገሯት። ሚስታቸው በቅርቡ ትወልዳለች። እሷ ደግሞ ከዝርዝሩ ትወጣለች። ዘበኛውን የከፈተች ልጅ መልሱንም አልሰረቀችም ብሎ የሚያምን ማን ነው? ሁለተኛ የወጣችው በራሷ ጭንቅላት መሆኑን ለማን ታስረዳለች? ቁጥሩ ያለው ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ነው፤ ጠፍቶ ሲነሳ ዜሮ ይሆናል።

«አጥፍተሽ አስነሺው ብቻ» አሉ። «26ቷን እኔ አስተካክላታለሁ።»

«አሥራ ሰባቱስ፣ ቲቸር?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት። «እነሱ አላስገቡም ተብሏል። ሰውም አምኖታል» አሉ። ከዚያ አሥር ሰዓት ሊሆን መሆኑን ነግረዋት ወጡ። ቀና ብለው አላዩዋትም።

ማርያማዊት ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። ብዙ ኃይል የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ድመት ብትረግጠውም ይጠፋል። ያን ዓይነት ቀላል ነገር እንዲህ ሲከብድ ታይቶ አይታወቅም። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ይታያታል፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስሟ ይታያታል፤ የመምህሩ ሚስት ይታዩዋታል። ቀጥሎ ምን እንደምታይ ሳታውቅ በሩ ተንኳኳ።

አልታየች ነበረች። ወደ ውስጥ ሳትገባ አንገቷን ብቻ አስገብታለች።

«አንዴ ብቻ ደግመሽ አሳዪኝ» አለች። «ለእነሱም እንዳሳያቸው። የቱ ጋ እንዳጠፋን ካወቅን እኮ እርስ በርስ መጣላቱ ይቀርልን ነበር።»

«ምንም አላጠፋችሁም።»

«አንቺ ደግሞ። ነጭ ሆነ አይደል እንዴ?»

ማርያማዊት ጣቷን ከማጥፊያው አነሳች። ሕጎቹን ከነቁጥራቸው አጠገቧ ወዳለው ፕሪንተር ላከች። አንድ ገጽ ወጣ። እስክሪብቶ ፈልጋ ከላይ ጻፈችበት፤ እነዚህን ሕጎች የጻፍኩት እኔ ማርያማዊት ዘሥላሴ፣ የተፈታኝ ቁጥር 12 ነኝ። ከ64 እስከ 80 የተቀመጡት መልሳቸውን ልከዋል፤ የጣለው የእኔ ሕግ ነው። ከዚያም ሌላ መስመር ጨመረች፤ ሞክረሻል ወይ ስባል ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ሳልሞክር አዎ ብያለሁ። የመምህሩን ስም አልጻፈችም። የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠሽ የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ እንደሚሆን ታውቃለች። ለእሱ መልስ አላዘጋጀችም።

ወረቀቱን ለአልታየች ሰጠቻት።

አልታየች ከላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ አነበበች። ቀና አላለችም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ነው። ማርያማዊት ስድብ ጠበቀች፤ ጥፊም ጠበቀች፤ ሁለቱም ቢመጣ ቀለል ይላት ነበር።

«አልተነሳሽም?» አለች አልታየች በመጨረሻ። «ከወንበርሽ?»

«አልተነሳሁም።»

«ስንት እርምጃ ነው ከዚያ እስከ እኛ?»

ማርያማዊት አሰበች። «ሃያ ቢሆን ነው።»

 አልታየች ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው ከነጠላዋ ሥር፣ ደረቷ ላይ አደረገችውና ወጣች። ግቢውን ስታቋርጥ አልሮጠችም፣ ወደ ኋላም አላየችም። ማርያማዊት ከኋላዋ ተከተለቻት፤ ጭቃው ጫማዋን ሊያወልቃት እየታገለ። ከመምህራን ክፍል መስኮት አንድ ሰው መጋረጃ ገለጥ አድርጎ መለሰ፤ ማን እንደሆነ ለማየት አልደፈረችም።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ሲደርሱ አልታየች ቆመች። በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ የአቶ ተስፋሚካኤል ድምፅ ይሰማል፤ በስልክ ለአንድ ሰው ዝርዝሩን አሁን ልልክልዎት ነው ይላሉ። አልታየች ወረቀቱን አወጣችና ለማርያማዊት መለሰችላት።

«አንቺ ነሽ የምታንኳኪው» አለች።

ማርያማዊት አንኳኳች።