«በጭራሽ» የሚለው ሣጥን

«አባትሽ የታለ?» አለ አጎቷ ኦኔዚም፣ ጀልባው ላይ ቆሞ ገመድ እየጠቀለለ።

ዜሊ ሱሬት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አሥሩን የፈጀችው ወሬ በማሳመር ነው። ያን ሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ዓይኗን ገመዱ ላይ ተከለች።

«የታለ ነው የምልሽ! ሠላሳ ዓመት ይህን ጀልባ የነዳ ሰው ዛሬ ይቀራል?»

በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ደቡብ ዳርቻ በዚያ መንደር፣ የአጥማጆች ወቅት በሚከፈትበት በኅዳር የመጨረሻው ሰኞ ከወደቡ የቀረ ሰው ከገዛ ሰርጉ የቀረ ያህል ነው። ጀልባዎቹ ሁሉ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር ፍጥረት የሚይዙበትን ወጥመዳቸውን እስከ ጣሪያቸው ከምረው ባንድ ጊዜ ይወጣሉ። ቄሱ ይባርካሉ፣ አሮጊቶች ያለቅሳሉ፣ ውሾች እንኳ ሳይጠሩ ይመጣሉ። ብርዱስ? ያን ዕለት «ደህና አደርክ» ያልከው ሰው ቃልህ አየር ላይ ስለሚረጋ የሚሰማህ በሚያዝያ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው ብለው የሚምሉ አሉ።

«ጉንፋን ይዞት ነው» አለች ዜሊ።

«አልሲድ? ለጉንፋን? እግሩ ተሰብሮ እንኳ በክራንች መጥቷል እኮ!»

የጀልባው ልጆች ሥራቸውን ትተው አዩዋት። ሲያዩዋት ደግሞ አፏ ፈቃድ ሳይጠይቃት ተከፈተ።

«እሺ፣ እውነቱን ልንገርህ። ትናንት መታጠቢያ ገንዳችን ውስጥ ሎብስተር ገባ። በሬ ያህላል! አባዬ ውጣ ቢለው ‹ቅድሚያ ሻምፑውን አቀብለኝ› አለው። ሲታገሉ አደሩ። በመጨረሻ የእማዬን ፎጣ አገልድሞ ወጣ፤ ሲወጣም አስነጠሰ። ጉንፋኑን ያጋባበት እሱ ነው።»

ኦኔዚም ከሣቁ ብዛት የጀልባውን ግድግዳ ተደገፈ። «ቁርጥ አባቷን!» እያለ ሞተሩን አስነሳ። ሁሉም እየሣቁ ወደ ባሕሩ ወጡ። ዜሊም እጇን እያወዛወዘች ከሁሉም በላይ ሣቀች። ከዚያ ብቻዋን ወደ ቤት ተመለሰች።

አልሲድ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ቁርጥማቱ ጣቶቹን ማጣመም ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ግንቦት የገመድ ቋጠሮ ማጥበቅ አቅቶት ሃያ ወጥመድ ባንድ ጊዜ ባሕር ገባበት። ወደብ ላይ «ዓሣ ነባሪ ለልጁ ልደት ወሰደብኝ» አለ፤ ተሣቀ። በማግስቱ ግን የጀልባውን ቁልፍ ለሚስቱ ወንድም ለኦኔዚም ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ወደ ውኃው ወርዶ አያውቅም፤ ወሬም እንደ መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ሆነ።

«ወጡ፣ አባዬ።»

«እሺ።»

«ኦኔዚም ሰላም ብሎሃል።»

«እሺ።»

ድንች ተፈቅፍቆ ከዶሮ ጋር የተጋገረበትን ራፒ አሙቃ አቀረበችለት። ድሮ አንድ ትሪ ጠራርጎ «ዶሮዋ እንቁላል ጥላ ነው የሞተችው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። አሁን ሹካው ከጣቱ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊያነሣው አልሞከረም። ፊቱን መልሶ አዞረና ለግድግዳው የሚያወራ ይመስል እንዲህ አለ፦

«አንዳንዴ... ስተኛ... ጠዋት ባልነቃ እላለሁ።»

ዜሊ ሹካውን ከወለሉ አነሣች።

«እማሽ እንዳትሰማ» አለ ቶሎ ብሎ። «ቀልዴን ነው።»

ዜሊ ስለ ቀልድ ብዙ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ቀልድ ግን ከአባቷ ሰምታ አታውቅም።

ነገሩን ሦስት ቀን ተሸክማው ዞረች። እናቷ ሮዛሊ ከዓሣ ፋብሪካው እግሯን እየጎተተች ስትገባ ልትነግራት ሁለት ጊዜ ጀመረች። «የአባዬ ነገር ደስ አላለኝም» ስትላት እናቷ ጫማዋን እያወለቀች «እጁ ሲሻለው ይተወዋል፣ አታስጨንቂኝ» አለቻት። ዜሊም ተወችው።

ሐሙስ አልሲድ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረው። ሎብስተሩ ወደ ፋብሪካው መግባት ስለጀመረ ሮዛሊ ከሥራ መቅረት አልቻለችም፤ እስክሪብቶ የሚይዝለት ሰው ስለሚያስፈልገው ዜሊ ከትምህርት ቤት ቀርታ አብራው ሄደች። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ሁለት ወረቀት ሰጠቻቸው። የመጀመሪያው ስለ መገጣጠሚያ ነው፤ በቀላሉ አለቀ። ሁለተኛው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት...» ብሎ ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት አራት ትንንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ ከ«በጭራሽ» ጀምረው «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ላይ ያበቃሉ።

«እጄን ሊያዩ ነው ወይስ ሊያናዝዙኝ?» አለ አልሲድ።

«‹በነገሮች አለመደሰት› ይላል።»

«በጭራሽ።»

ምልክት አደረገች።

«‹የእንቅልፍ ችግር›።»

«እንደ ድብ ነው የምተኛው። በጭራሽ በዪ።»

ምልክት አደረገች።

«‹ራስን እንደማይረባ ሰው መቁጠር›።»

«እኔ? ለከንቲባነት ልወዳደር ነው እኮ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ሴትዮ ሣቀችና ወደ መጽሔቷ ተመለሰች። ዜሊ ሣቁን አወቀችው። ሰኞ ወደቡ ላይ ራሷ ያስነሣችው ዓይነት ሣቅ ነው፤ ሰው ሣቀና መንገዱን ቀጠለ።

አንድ ጥያቄ ቀረ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው። «‹ባልኖር ይሻል ነበር ብሎ ማሰብ›።»

«በጭራሽ።»

እስክሪብቶው ሣጥኑ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጻፊ እንጂ። ጆሮሽንም ቁርጥማት ያዘው?»

«ሰኞ የነገርከኝስ?»

«ቀልድ ነው አልኩሽ።»

«ቀልድህን አውቀዋለሁ፣ አባዬ። ካንተ ነው የተማርኩት።»

አልሲድ ጉልበቱ ላይ የተኙትን ጣቶቹን አያቸው። የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ የተቀመጠበት ይመስል ነበር። «ይህን ከጻፍሽ ወደብ ላይ ምን ይባላል? አልሲድ ዐበደ ነው የሚሉት። አንቺንም የእብድ ልጅ ይሉሻል።»

«ለወደቡ ሰው ውሸት ሞልቶኛል። እስከ ፋሲካ የሚበቃ አለኝ» አለች ዜሊ እስክሪብቶውን እየዘጋች። «ለዚህ ወረቀት ግን የለኝም።»

«አቶ ሱሬት!» ብላ ነርሷ ከበሩ ተጣራች።

አልሲድ መጀመሪያ ወገቡን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን፣ በመጨረሻ ራሱን አነሣ። ወረቀቱን በሁለት መዳፉ መሐል ጨምቆ ይዞ ገባ። ዜሊም «ጠብቂ» ስላላላት ተከተለችው።

ነርሷ ጠይም፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ነበረች። ወረቀቱን በዓይኗ ወረደችበትና መጨረሻው ላይ ቆመች።

«ይቺ አንዷ ሳትሞላ ቀርታለች።»

«ልጄ ረስታው ነው» አለ አልሲድ እየሣቀ። «በጭራሽ ብለው ይሙሉልኝ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሣች። ከዚያ ወደ ዜሊ ዞረች። «ረሳሽው?»

አንድ ታሪክ ተጠናቅቆ አፏ ላይ መጣላት፤ ወፍ በመስኮት ገብታ እስክሪብቶዋን እንደነጠቀቻት፣ ተቀባይዋ ወንበር ላይ ወጥታ እንዳባረረቻት። ጥሩ ታሪክ ነበር። ሦስቱም ይሥቁበት ነበር። ዋጠችው።

«አልረሳሁትም» አለች። «አልሞላም ብዬ ነው።»

አልሲድ ዓይኑን ጨፈነ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ወንበሯን ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። የመቸኮሏ ነገር የት እንደገባ አልታወቀም።

«አቶ ሱሬት፣ ሕመም ብዙ ሲቆይ ሐሳብንም ይጫናል። እዚህ ከሚመጡት ብዙዎቹ ድባቴ ያገኛቸዋል፤ ስለሱም የምናደርገው ነገር አለ። ልጅዎ ውጪ ትጠብቅ?»

ዜሊ ከወንበሯ ግማሽ ተነሣች።

«ትቆይ» አለ አልሲድ።

ማሞቂያው ግድግዳው ውስጥ ተንኳኳ። አልሲድ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው።

«ሰኞ ዕለት...» አለና ቆመ። ቃሉ የጠፋበት ሰው ሆኖ ወደ ልጁ ዞረ።

ዜሊ ቀጥሎ ያለውን ታውቀዋለች። እጇን ክርኑ ላይ አሳረፈች እንጂ አልጨረሰችለትም።