የሰለሞን ስንቅ

ሐሙስ ነበር፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከመሥሪያ ቤት የውይይት ክበብ ተለቅቄ እግሬን እየጎተትኩ ቤት የደረስኩበት ሰዓት ነው፣ ሰዓቱን የምነግራችሁ እንዲህ ያለ ወሬ እያወሩ ቀኑን እንኳ በቅጡ ከማያስታውሱ ሰዎች ጋር እንዳትደምሩኝ ብዬ ነው። እኔ ሰው ፊት ብዙ የማላወራ፣ አራት ኪሎ ባዮሎጂ ተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ የሰፈር ሴቶች ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ አንገቴን ደፍቼ በልቤ እስቅ ነበር እንጂ አምኜ አላውቅም። ዛሬም አምናለሁ አልላችሁም፣ የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ልንጓዝ ነበር። የእማዬ ስለት ነው፣ ወንድሜ ሰለሞን ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ደብዳቤው ተቋርጦ ስለነበር "ልጄን መልስልኝና ደጅህን እሳለማለሁ" ብላ ተስላ፣ ቀኑ ሲረዝምባት ደግሞ "ሳይመልስልኝም ሄጄ ልለምነው" ብላ ተነሳች። የምንሄደው በአጎቴ በጋሼ ተክሌ አሮጌ ላንድሮቨር ነው፣ እሳቸው ከነሚስታቸውና ከልጆቻቸው፣ እኔና እማዬ። መንገድ ላይ እናድራለን፣ ቁልቢም ሜዳው ላይ ድንኳን ተክለን እንሰነብታለን፣ ስለዚህ የሚበላው ሁሉ ከቤት ተቋጥሮ መውጣት አለበት፣ የገና ጾም በመሆኑ ደግሞ ቅቤ የለ፣ ቋንታ የለ፣ ያው በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ነው። እማዬ ስንቁን ባንድ ዕቃ አታደርገውም፣ ኬላ ላይ አንዱ ለፍተሻ ወርዶ ሌላው ሊያልፍ ይችላል ብላ ከዱቄት ጆንያ ለየሰዉ ትንሽ ከረጢት ሰፍታለች፣ ሁሉም የራሱን ቆሎ የራሱን በሶ ይይዛል።

ለሰለሞንም ሰፍታለት ነበር።

"ማን ያውቃል፣ በዚያው በኩል ቢመጣስ" አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። "ባይመጣም በስሙ ለነዳያን እሰጠዋለሁ።"

እዚህ ላይ የማልወደውን ነገር ልንገራችሁ። ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ተክሌ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሁልጊዜ "እሺ ምሁሯ፣ ዛሬስ ስንት ጀርም ገደልሽ?" ብለው የሚጀምሩት ሰውዬ ያን ቀን አልቀለዱም። ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወታደር አግኝተው ነበር፣ ሰለሞን አልተረፈም ብሏቸዋል። "ስለት ይዛ ለመሄድ የተነሳችን እናት እንዴት ብለን እናርዳት?" አሉኝ፣ "ደጁን ትሳለም፣ አልቅሳ ትለምን፣ ከመልስ በኋላ ባለው እሁድ በጠዋት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ።" ፊቴን ጠበቅሁ። ቀን ሥራ፣ ማታ ገብስ መልቀም፣ ሽምብራ መቁላት፣ እማዬ ስለ ሰለሞን ስታወራ "እሺ እማዬ" ማለት፣ እመኑኝ፣ እንደ እነዚያ ቀናት ደክሞኝ አያውቅም።

ድንኳኑንም አትርሱት። የዕድሩ ነው፣ ለልቅሶ የሚተከለው፣ ትንሹን ለመንገዳችን አውሰውን ተጠቅልሎ ጓዳችን ውስጥ ተቀምጧል። እማዬ "እግዜር ይስጣቸው" ትላለች፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር በዚያው እሁድ በራችን ላይ ሲተከል ይታየኛል።

እንግዲህ ያን ሐሙስ ከረጢቶቹን ሞልቼ፣ አፋቸውን በሲባጎ አጥብቄ አስሬ፣ ጓዳ ድንኳኑ አጠገብ ደረደርኳቸው። የሰለሞንን እንደ ሌሎቹ አድርጌ ሞላሁት፣ ገብስ፣ ሱፍ፣ ሽምብራ፣ በእጄ ነው የደባለቅሁት። እማዬ የድንኳኑ ካስማ ጎድሏል ብላ የዕድሩ ዳኛ ቤት ሄደች። ቤታችን ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፍ ብሎ ያለ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ አሮጌ ቤት ነው፣ ሳሎን ወንበር ላይ ጋደም እንዳልኩ መብራት ጠፋ፣ መብራት መጥፋቱ ለሰፈራችን አዲስ አይደለም፣ ሻማ ለመፈለግ እንኳ ጉልበት አጥቼ ዝም ብዬ ቀረሁ። ውጭው ገና አልጨለመም፣ ቤቱ ውስጥ ግን አመዳም ሆኗል።

ቀጭ።

አይጥ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ቀጭ። አይጥ እንዲህ አይበላም፣ አይጥ ይከረክራል፣ ይቸኩላል፣ ይህ ግን አንዱን ቆርጥሞ፣ አላምጦ፣ ውጦ፣ ከዚያ ሌላ ፍለጋ በጣቱ ቆሎ የሚያማስል ሰው ነው፣ የቆሎው መንሿሿት ሳይቀር ይሰማኛል። ሻማ ለኩሼ ጓዳ ገባሁ። ዝም አለ። ከረጢቶቹ እንደታሰሩ ናቸው፣ ሲባጎው አልተነካም፣ መስኮቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጣውላው በብርድ ሲኮማተር ይሆናል ብዬ፣ የተማርኩትን ሁሉ እየደረደርኩ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ገና ወንበሩ ሳይሞቀኝ ጀመረ፣ አሁን ከድንኳኑ በኩል ነው፣ እንደ ቅድሙ ተረጋግቶ፣ ቀጭ።

ሰለሞን ቆሎ ሲቀርብለት ሽምብራውን ብቻ ነበር የሚለቅመው። ገብሱን ለእኔ ይተወዋል። እማዬ "ሽምብራ ለቃሚ" እያለች ትሰድበው ነበር፣ እኔ ደግሞ "ለሰውም አስተርፍ" ስለው እየሳቀ አንዲት ፍሬ ወለሉ ላይ ወደ እኔ ያንከባልልልኛል፣ ካደግን በኋላም፣ ዩኒፎርም ለብሶ ሊሰናበተን የመጣ ቀን እንኳ እንዲሁ አድርጓል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከድካሙ ይሆናል፣ አፌ በልማዱ፣ ቀስ ብሎ፣

"ለሰውም አስተርፍ" አለ።

ቀጩ ቆመ። ከዚያ ጣውላው ላይ አንድ ነገር ሲንከባለል ሰማሁ፣ ከጓዳው ደፍ ወረደ፣ ሳሎኑን እያቋረጠ መጣ፣ ጫማዬን ነካ አድርጎ ቆመ። ሻማውን ዝቅ አድርጌ አየሁ። አንዲት ፍሬ የተቆላ ሽምብራ ናት።

አልጮህኩም። ፍሬዋን አንስቼ ኪሴ ከተትኳት። እንዲሁ እንዳለሁ እማዬ ካስማውን ታቅፋ ገባች፣ ነጠላዋን አውርዳ፣

"ቆሎ ስትቆረጥሚ ከበረንዳው ይሰማል" አለችኝ። "የመንገዱን ዛሬ ጨረስሽው?"

"ተሰማሽ እማዬ?"

"እንዴት አይሰማኝ፣ ልክ እንደ ወንድምሽ፣ ሽምብራ ሽምብራውን።" ፈገግ አለች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። "ብዪ እንጂ፣ ምን አልኩሽ፣ ከስተሻል።"

"እሺ እማዬ" አልኳት።

እሷ ፊቷን ስትታጠብ የሰለሞንን ከረጢት ፈታሁት፣ እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ ነው፣ እጄን አውቀዋለሁ። ገብሱ አለ፣ ሱፉ አለ። ሽምብራ የሚባል አንድ ፍሬ የለም። ያን ሁሉ ከገብስ መሃል ለመልቀም ብርሃንም ጊዜም ይጠይቃል፣ የሌሎቹን ፈትቼ አየሁ፣ እንደነበሩ ናቸው። ተኛሁ ማለት አልችልም። የሞተ ሰው ቆሎ ምን ያደርግለታል እላለሁ፣ በሕይወት ያለ ሰውስ ከዚያ ሩቅ አገር እንዴት ጓዳችን ይገባል እላለሁ፣ ተርቦ ይሆን እላለሁ፣ ይቺ ተርቦ ይሆን የምትለዋ ነች የጨረሰችኝ።

ጠዋት ጋሼ ተክሌ ድንኳኑን ተሸክመው ወደ መኪናው ሲወጡ ከእጥፋቱ ገለፈት ረገፈ። ስስ፣ ቡኒ፣ የሽምብራ ገለፈት፣ በረንዳውን ሞላው።

"ወይ የእኛ ዕድር" አሉ እያራገፉ፣ "ለቀስተኛው ንፍሮውን ትቶ ቆሎ ጀምሯል ማለት ነው? እኔን ሳይጠሩኝ።"

እማዬ ሳቀች። እኔ ጋሼን በክንዳቸው ይዤ ከመኪናው ኋላ ወሰድኳቸው።

"ጋሼ፣ የእሁዱን ይተዉት።"

"ምን ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም። ያ ወታደር በዓይኑ አይቷል?"

የጭነቱን ገመድ እጃቸው ላይ ጠመጠሙ። "በዓይኑስ አላየም" አሉ በመጨረሻ። "ጓደኞቹ ነገሩኝ ነው ያለኝ።"

"እንግዲያው ይተዉት። እለምንዎታለሁ።"

ለምን ብለው ቢጠይቁኝ ሽምብራ ልላቸው ነው? አልጠየቁኝም፣ ፊቴን አይተው "እስቲ ደርሰን እንምጣ" ብቻ አሉ፣ እሺ ይሁን እንቢ አላወቅሁም።

ጭነቱ እየታሰረ ሳለ ነጠላዬን ተከናንቤ ቁልቁል ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድኩ። እህል ቆልታ የምትሸጥ ሴት አለች፣ በሯን ገና እየከፈተች ነበር።

"ሽምብራ ብቻ?" አለችኝ። "ትንሽ ገብስ ልደባልቅበት እንጂ፣ ጥርስ ይሰብራል።"

"ሽምብራ ብቻ።"

"ለማን ነው?"

"ለወንድሜ።"

"ታድሎ" አለች፣ ገና እየሞቀ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ የሰለሞንን ከረጢት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሽምብራውን ከገብሱ በላይ አፈሰስኩት፣ ማታ ኪሴ የከተትኳትን ያችን አንዷንም ጨመርኳት። እማዬ ከጎኔ ሆና እያየችኝ ነበር። ከዚያ ሲባጎውን አዞርኩት፣ ግን አላጠበቅሁትም፣ እጅ እንዲያስገባ ላላ አድርጌ አሰርኩት።