ከመዝገቡ ለመነሣት የቀረበ ማመልከቻ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፤ ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃዋ ሻይዋን ብቻዋን ጠጣች።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ባለፈው አንድ ዓመት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በፍርድ ቤቱ ክበብ ጥግ፣ እግሩ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊቷ የሚቀመጠው ዐቃቤ ሕጉ ነበር። ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ስለ ሥራ ነው የምናወራው።» ስለ ሥራ እያወሩ ሻዩ ይቀዘቅዝባቸዋል። ቤት ስትገባም «ግትር! ነገረኛ!» እያለች ስታማው ታመሻለች።

«የጠሉትን ሰው በቀን ሰባቴ አያነሱትም» ትላታለች እናቷ፣ ሽንኩርት ከመላጥ ቀና ሳትል።

«እማዬ ደግሞ!»

እስካሁን በተለያየ ችሎት ስለሚቆሙ ሰላም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በስርቆት የተከሰሱ አንድ የመጋዘን ዘበኛ መዝገብ ተከፈተና እሱን በከሳሽ፣ እሷን በተከሳሽ በኩል አፋጠጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐቃቤ ሕጉ ክበቡ ዝር አላለም። ዛሬ ደግሞ ደረጃው ላይ ሲገጣጠሙ «እንደምን አደሩ» አላት። አንቺ ሲላት የከረመ ሰው!

ለማሸነፍ ብሎ ነው የጣለኝ፣ አለች በልቧ። እንግዲህ እንተያያለን።

ችሎት ገቡ። ዘበኛው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ቀና ብሎ የማያይሽ ምን አድርገሽው ነው? የተከሰስኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«ዝም ይበሉ፣ አባባ።»

ዳኛው መዝገቡን ጠሩ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። ካባው ትከሻው ላይ ተንሻፏል፤ ልታቃናለት ስላማራት እጇን ብዕር አስያዘችው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከዚህ መዝገብ እንድነሣ አመለክታለሁ።»

«ምክንያት?»

«የጥቅም ግጭት።»

«ከማን ጋር?»

«ከተከላካይ ጠበቃዋ ጋር።»

«በዝርዝር ይቅረብ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት።

«እወዳታለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ስትናገር ጥያቄዬ ይጠፋብኛል። ይህን ለፍርድ ቤቱ ሳላስታውቅ አብሬያት ሻይ ብጠጣ ደግሞ ሥራዋን ያስነቅፍባታል ብዬ ራቅኳት።»

የጸሐፊዋ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ተከላካይ ጠበቃ፣ መልስ አለዎት?»

ብዕሩን አስቀምጣ ተነሣች። ድምጿ አልከዳትም።

«አለኝ። ማመልከቻው አንድ ዓመት ዘግይቶ የቀረበ ነው።»

«ፍሬ ነገሩንስ?»

«ፍሬ ነገሩን አልክድም። እኔም እወደዋለሁ። ይመዝገብልኝ።»

«እሰይ!» አሉ ዘበኛው።

«ተከሳሽ፣ ሥርዓት!» አሉ ዳኛው፣ ፈገግታቸውን በመነጽራቸው ሊሸፍኑ እየሞከሩ። «ማመልከቻው ተቀባይነት አግኝቷል። ተተኪ ዐቃቤ ሕግ እስኪመደብ ድረስ...»

ከኋላ ወንበር አንዲት ዐቃቤ ሕግ፣ ካባዋን እንደለበሰች፣ ፋይሉን ደረቷ ላይ ታቅፋ ተነሣች።

«ተመድቤያለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«መቼ?»

«መዝገቡ የተከፈተ ዕለት።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ከወረቀቶቻቸው ሥር እሱን ከመዝገቡ የሚያነሣ፣ አስቀድሞ የተተየበ ትእዛዝ መዝዘው፣ ቀኑን ብቻ ሞሉበት።