ሞቃቱ ክፍል

መጀመሪያ የሰማችው ሳል ነው። የሕፃን ሳል ይመስላል፤ ደረቅና አጭር፣ በጨለማው ውስጥ ከየጥጉ የሚመጣ። አባቷ መብራቱን ሲያበራ ሳሉ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ጡት ከጣሉ ሳምንት ያልሞላቸው ሠላሳ የአሳማ ግልገሎች በአንድ ጠባብ አጥር ውስጥ ተፋፍገዋል።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ሐሴት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ሸፈነች። ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከፍሌሚንግደን ፓርክ፣ እዚህ የአሳማ እርሻ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድተዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲጠይቃት «አባቴ ዌርሃውስ ነው የሚሠራው» ትላለች፤ የዕቃ መጋዘን ማለቷ ነው። እንዲህ በይ ያላት ራሱ አባቷ ሀብተማርያም ነው። ዛሬ ያመጣት፣ አለቃው በእንግሊዝኛ ጽፎ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ወረቀት እንድታነብለት ነበር።

«ምን ይላል?»

«ትንንሾቹን ለይተህ ወደ ሞቃቱ ክፍል አስገባ ይላል። መኖውን በሞቀ ውሃ በጥብጠህ በቀን አራቴ ስጣቸው። መብላት እምቢ ያለውን አቅፈህ በጣትህ አለማምደው።» ጣቷን ወደ ወረቀቱ ግርጌ አወረደች። «ከሥር ደግሞ፣ ዛሬ አንድ እንኳ ከሞተ ሰኞ እንዳትመጣ ይላል።»

አባቷ ወረቀቱን እንደገና አየው።

«አባዬ፣ ይሄን ታውቅ ነበር አይደል?»

«አቅፈህ የሚለውን አላውቅም።»

ጓንት አጥልቋል፤ ግን እዚህ በሠራበት ሁለት ወር ውስጥ አንድም አሳማ ነክቶ አያውቅም። በሳንቃ ነው የሚገፋቸው። ደረቁን መኖ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ገንዳው ጫፍ ላይ ዘረገፈው። ጉልበተኞቹ ተረባርበው ሸፈኑት። አንዱ የጎረቤቱን ጭራ ነክሶ ያዘ። ጥግ ላይ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ሴት ግልገል ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተኝታ ትንቀጠቀጣለች።

«ያቺ ልትሞት ነው» አለች ሐሴት።

«ወደዚያ እገፋታለሁ።»

«መቆም አትችልማ። ሲሪየስሊ አባዬ፣ አንሳት። ጓንት አድርገሃል እኮ።»

«ነገ ቅዳሴ አለ።»

«ሰኞስ ሥራ የለም?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺም እንዳትነኪ። ነገ ከመዘምራኑ ጋር ትቆሚያለሽ።»

በሩ አጠገብ ጥቁር ላስቲክ አለ። ትናንት የሞቱት ሁለቱ እዚያ ውስጥ ናቸው። ላስቲኩ ትንሽ ነው፤ የምሳ ዕቃ የያዘ ይመስላል።

ሐሴት አጥሩን ዘላ ገባች።

ግልገሏን ስታነሳት ከደብተር ቦርሳዋ ትቀልላለች። የግልገሏ የልብ ምት ግን በሐሴት ሹራብ በኩል ይሰማል። ሞቃቱ ክፍል አስገባቻትና ከሚያሞቀው መብራት ሥር ተቀመጠች፤ መኖውን በጥብጣ ጣቷን ነክራ ወደ ግልገሏ አፍ አስጠጋች። ግልገሏ አልቀመሰችም። ደግማ ነከረች። በሦስተኛው ግልገሏ ጣቷን ጠባች።

«አጥሩ ውስጥ ስድስት ትንንሾች ቀርተዋል» አለች ሐሴት ደጃፉ ላይ ለቆመው አባቷ፣ ቀና ሳትል። «አምጣልኝ።»

አባቷ ሳንቃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጓንቶቹን አንድ በአንድ አወለቀና የመኖው ባልዲ አፍ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ወደ ስድስቱ ሳይዞር፣ ጥቁሩን ላስቲክ አልፎ በሩን ከፍቶ ወደ መኪናው ወጣ።