የነበልባል በር አልማዝ

ንጉሥ ዘምሩድ በኤልዞር ዙፋን ላይ በተቀመጠ በሦስተኛው ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የነበልባል በር አልማዝ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከበሩ ጀርባ፣ በተራራው ሥር፣ የእሳት ዘንዶ ተኝቶ ነበር። የፀሐይን ብርሃን እየሰበሰበ ዘንዶውን በእንቅልፍ ያቆየው ያ አልማዝ ነበርና፣ ምድሪቱ በዚያው ዕለት ከሰው እግር በታች መሞቅ ጀመረች።

ንጉሡ ሐመልማልን አስጠራት። አባቷ ከሞተ ወዲህ የቤተ መንግሥቱ የድንጋይ መርማሪ እሷ ነበረች።

«አልማዝ ያለው በጨው ሸለቆ፣ በዛሆር እጅ ብቻ ነው» አላት። «ዛሆር የሸጠውን መልሶ አይቀበልም፤ ለአንድ ሰውም ሁለት ጊዜ አይሸጥም። ከተሳሳትሽ ኤልዞር አመድ ናት።»

ሐመልማል እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «የሚጸና ድንጋይ ይዤ ካልተመለስኩ ምድር አትቀበለኝ!»

ታላቅ ወንድሟ ጎርፉ፣ የንጉሡ ጦረኛ፣ ጋሻውን አንግቦ ተከተላት። አውሎ ነፋስ ጨው እየበተነባቸው አራት ቀን ተጓዙ። እሷ ፍርሃቷን ለመርሳት ያለ ማቋረጥ ታወራ ነበር።

«ትልቅነቱ አያታልልህ ጋሽዬ። ቀለሙን በነጭ ጨርቅ ላይ እይ፤ ወደ ቢጫ ካደላ ዋጋው ይወርዳል። ውስጡን በማጉያ መስታወት መርምር። አጠራረቡ ከተበላሸ ደግሞ የገባበትን ብርሃን ከሥሩ ያፈሰዋል።»

«እኔ የማውቀው ሰይፍ ነው።»

«ቢሆንም ስማኝ።»

ዛሆር የአሞራ ራስና የሰው እጅ ያለው ፍጡር ነበር። ሦስት አልማዞች ዘረጋ። አንደኛው ጡጫ ያህላል፤ «እንከን የለሽ» የሚል ማኅተም ያለበት ብራና ተያይዞታል። ሐመልማል ብራናውን ገፍታ ማጉያዋን አነሳች። ከጠርዙ የተነሣ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ዘልቋል።

«ይህ ሙቀት ሲነካው ይፈነዳል።»

ሁለተኛው እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው፤ ነገር ግን ሲጠረብ ስለ ሳሳ መካከሉ ብርሃን አይመልስም። ትንሹን ሦስተኛውን ስታነሣው ፊቷ በራ።

«ነቁጥ አለበት» አለ ዛሆር እየተሳለቀ።

«አለበት፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል። ግን ከመካከሉ ናት፣ ጠርዙን አልነካችም። ይህን እገዛለሁ።»

«ዋጋው የመረጠው ዐይን ነው።»

ጎርፉ ሰይፉን መዘዘ። «የእኔን ውሰድ!»

«ያንተ ዐይን አልመረጠም።»

ሐመልማል የወንድሟን ክንድ ያዘች፤ የፊቱን እያንዳንዱን መስመር ቀስ ብላ አየች። ከዚያም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ዛሆር ላባውን በዐይኖቿ ላይ ሲያሳርፍ ዓለም ጠፋች። በመዳፏ ላይ ቀዝቃዛ ድንጋይ ወደቀ። ያኔ ከዕውርነቱ የባሰ ፍርሃት ወረራት፦ ለውጦት ቢሆንስ?

«ጋሽዬ፣ ማጉያውን ያዝ! ውስጡ ምን አለ?»

ጎርፉ ድንጋዩን አገላበጠ። «ምንም የለም። ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ከሆነ የእኛ አይደለም! ዛሆር፣ ዋጋህን ተቀብለሃል፤ የሸጥክልኝን ስጠኝ!»

ዛሆር እየሳቀ ሌላ ድንጋይ ጣለላት።

«ነቁጥ አለበት» አለ ጎርፉ ማጉያውን አስጠግቶ። «ጤፍ የምታህል።»

«ጠርዙን ነክታለች?»

«አልነካችም... ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አትበለኝ!»

እንደገና አየ። «አልነካችም። በእናታችን ስም እምላለሁ!»

ኤልዞር ሲደርሱ የቤቶች ግድግዳ ይሰነጣጠቅ ነበር። ጎርፉ አልማዙን በበሩ ላይ ሲገጥም ዘንዶው ከውስጥ አገሳ፤ ሙቀቱ የሐመልማልን ቅንድብ ለበለበው። እሷ ግን ጆሮዋን ወደ ድንጋዩ አስጠግታ የስንጥቅ ድምፅ ትጠብቅ ነበር። ግሳቱ ቀስ በቀስ ወደ ማንኮራፋት ወረደ። ከእግሯ በታች ያለው አፈር ሲቀዘቅዝ ተሰማት፤ ሕዝቡም እልል አለ።

ንጉሡ ከፊቷ ተንበረከከ። «ምን ላድርግልሽ ልጄ?»

«ያበራል?» አለች።

«ዐይን ያጠፋል» ሊል ጀምሮ ንጉሡ አፉን በእጁ ያዘ። የመለሰላት ጎርፉ ነበር፤ ትከሻዋን አቅፎ ብርሃኑ የት የት እንደ ደረሰ አንድ በአንድ ይነግራት ጀመር።